ባለፈቃዱ በርበሬ

ባለቤቴ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በርበሬና ዳቦ ቆሎ እየሸጠች ነው። በሕጋዊ መንገድ። ይቺን ነገር ዘመድ አዝማድ ይስማልኝ፤ "ከኩሽናዋ ትቸረችራለች" የሚለው ወሬ ቀድሞን አዲስ አበባ ደርሷል።

ካሊፎርኒያ ከ2013 ጀምሮ ቤት ውስጥ የተሠራ ምግብ መሸጥ ትፈቅዳለች። ብቻ ፍሪጅ የማይፈልግ ይሁን፦ ዳቦ፣ ኩኪስ፣ የደረቀ ቅመም፣ የተቆላ ቡና። ዶሮ ወጥ አይቻልም፤ ክትፎማ አይታሰብም። ለወጥ ሌላ ሕግ አለ፤ እሱም ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ከተቀበለው ነው። የእነ ዳቦ ቆሎ ፈቃድ ሁለት ዓይነት ነው። "ኤ" ለደንበኛ በቀጥታ ለሚሸጥ ሲሆን ቅጹን ራስህ ሞልተህ ትፈርማለህ። "ቢ" ለሱቅ ማስረከብ ለሚፈልግ ነው፤ ኩሽናውን ተቆጣጣሪ መጥቶ ያየዋል። እኛ "ኤ" ነን።

ቢሮክራሲው አያሰለችም ወይ ይሉናል። አገር ቤት ለአንዲት ማኅተም "ነገ ተመለስ" ሲባል ለኖረ ሰው ይሄ መዝናኛ ነው። ችግሩ የኩሽናው ሕግ ነው። ምርቱ በሚሠራበት ሰዓት ሕፃን አይገባም። ድመት አይገባም። የቤተሰብ ምግብ አይሠራም፣ ልብስ አይተኮስም። እንግዳም አይስተናገድም! ይህን ያረቀቀ ሰው ቅዳሜ ቀን ሐበሻ ቤት ገብቶ አያውቅም።

የባለቤቴ አክስት ቅዳሜ መጡ። ሳይደውሉ ነው፣ እንደ ወጉ። በቀጥታ ወደ ኩሽና ሲያመሩ በሩ ላይ ቆምኩ።

"እትዬ፣ ዛሬ ሳሎን እንቀመጥ።"

"ምነው? ምን ደበቃችሁ?"

"ሕጉ ነው። ዳቦ ቆሎ እየተሠራ እንግዳ አይገባም።"

"እኔ እንግዳ ነኝ?"

ለዚህ ጥያቄ የካሊፎርኒያ ምክር ቤት መልስ አላዘጋጀም። ሳሎን ተቀምጠው ማሸጊያውን አገላብጠው አነበቡ። "ስንዴ አለበት" ይላል፤ ስንዴ አለርጂ የሚያስነሳ ስለሆነ መጻፉ ግዴታ ነው። "ታዲያ ዳቦ ቆሎ ምን ሊኖርበት ኖሯል?" አሉ። "በቤት ኩሽና የተሠራ" የሚለውን በ12 ፖይንት ፊደል ሲያዩት ደግሞ ሳቃቸው መጣ።

የበርበሬው ማሸጊያ ግን አላሳቀንም። የገባበት ነገር ሁሉ በክብደት ተራ፣ ከብዙው ወደ ጥቂቱ መዘርዘር አለበት። ባለቤቴ ደብረ ማርቆስ ደወለች።

"እማዬ፣ ኮረሪማው ስንት ግራም ነው?"

"የምን ግራም? እፍኝ ነዋ።"

"በሶብላውስ?"

"እስኪሸትሽ።"

የባለቤቴን እፍኝ ሚዛን ላይ እየዘረገፍን እስከ እኩለ ሌሊት አመሸን። ነጭ አዝሙድና ጥቁር አዝሙድ ተራቸውን ሲቀማሙ ነጋብን ማለት ይቻላል።

ይሄም አለፈ። ያላለፈው የደንበኛው ነገር ነው። ፈረንጁ ጎረቤታችን የተጻፈውን ዋጋ ከፍሎ፣ አመስግኖ ይሄዳል። የኛ ሰው ግን "የመጨረሻ ስንት ነው?" ይላል። "ምርቃቱስ?" ይላል። "ማታ በስልክ እልክልሻለሁ" ብሎ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሠርግ ላይ ተገናኝተን "በርበሬሽ ትንሽ አያቃጥልም" ይላል። ፈቃዱ ራሱ ያስጠረጥራል። "ታክሱን ከኛ ልታወጣ ነው" የሚሉ አሉ።

ከቅዳሴ መልስ ከመኪናዋ የኋላ ሻንጣ የምትሸጥ አንዲት ሴት ደግሞ አለች። በርበሬዋ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ነው። የፈቃድ ቁጥር የለው፣ ቀን የለው፣ ግራም የለው። "ያገር ቤት ነው" ትላለች፤ አለቀ። ሰው ይሰለፍላታል። ምርቃትም ትሰጣለች።

ለራሳችን ወጥ ከሷ ነው የምንገዛው። የኛንማ ዋጋ ማን ይችለዋል?