ለ«ሲስተም የለም» የቀረበ ምስጋና

በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ወረፋ ይዞ የቆመ ሁሉ «ሲስተም የለም» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ጠንቅቆ ያውቃታል፤ ከመስኮቱ ጀርባ ሆነን እርሷን ለምናደርሰው የሰርቨር ባለሙያዎች ግን እስካሁን አንድ ሰው እንኳ «እጃችሁ ይባረክ» ያለን የለም። ራስን ማመስገን ነውር ቢሆንም፣ ሌላ አመስጋኝ ስለጠፋ እኔው ልጀምር።

ከሁሉ የሚደነቀው የክትትል ስልታችን ነው። ዲስክ ሊሞላ ወይም ሚሞሪ ሊያልቅ ሲቃረብ አስቀድመው የሚያስጠነቅቁ እንደ ዛቢክስና ፕሮሚቲየስ ያሉ ነጻ ሶፍትዌሮች መኖራቸውን እናውቃለን፤ ነገር ግን ባለጉዳይን የመሰለ መቆጣጠሪያ እያለ ለምን እንደክማለን? ባለጉዳይ አይጫንም፣ አይዋቀርም፣ ገጹ «502» የሚል የስሕተት ቁጥር ባወጣ በደቂቃው ስልካችንን ያንጫርረዋል፤ ደመወዝ አለመጠየቁ ሳያንስ የአየር ሰዓቱንም ከኪሱ ይከፍላል።

በጥንቃቄም የሚያህለን የለም። የኮንፊግ (የቅንብር) ፋይል ከተነካ በኋላ፣ አንዲት ሴሚኮሎን ጎድላ እንደሆነ የሚናገር የመፈተሻ ትእዛዝ፣ ድረ ገጹን ለባለጉዳይ በሚያደርሰው ኤንጂንኤክስ በተባለው ሶፍትዌር ውስጥ አለ፤ የገዛ ሥራችንን መጠራጠር ስለሚሆንብን አንጠቀምበትም፤ ዓርብ 11 ሰዓት ላይ ለውጠን፣ ሪስታርት አድርገን፣ ታክሲ እንይዛለን። 90 ቀን የሚያገለግለው የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬት (ከገጹ ጋር ያለው ግንኙነት አስተማማኝ መሆኑን ለብራውዘር የሚመሰክረው) ጊዜው ሲያልፍም አንደነግጥም፤ ሕዝቡ የብራውዘሩን ማስጠንቀቂያ ሳያነብ ማለፍን ከሠለጠነ ቆይቷል።

በአንድ ወቅት ሎጉን (የሰርቨሩን የውሎ መዝገብ) በየጊዜው የሚያሽከረክረውን፣ ማለትም አዲስ ፋይል እያስጀመረ አሮጌውን የሚያስወግደውን፣ የሎግሮቴት መስመር አንድ ባልደረባችን «ምን ይሠራል?» ብሎ አጠፋው። ሎጉ አብጦ አብጦ ዲስኩን እስከ አፍ ገደፉ ሞላው፤ ዳታቤዙም መጻፍ ተስኖት ቆመ። ፋይሉን ሰረዝነው፤ ዲስኩ ግን አሁንም 100 በመቶ እንደሞላ ነው፤ ለካ ኤንጂንኤክስ የተሰረዘውን ፋይል ጨብጦ ይዞት ኖሮ፣ እስኪለቀው ድረስ ቦታው አይመለስም። ይህ የገባን በማግሥቱ ነው። በዕለቱ አለቃችን ማሽኑን አጥፍተው አበሩት፤ ተነሣ! ከዚያ ወዲህ ሪስታርት እንደ ዳማከሴ ለሁሉም ሕመም የሚታዘዝ ሆነ፤ ምክንያቱን ለማስረዳት የሞከረም (እኔ አልነበርሁም) የአለቃን ውለታ የማያውቅ ተባለ።

የተሰረዘችው መስመር ዛሬም አልተመለሰችም። ትናንት ዲስኩን ስመለከተው 91 በመቶ ደርሷል፤ ቢሆንም እስካሁን የደወለ ባለጉዳይ ስለሌለ፣ ሲስተም አለ።