ክርክር፦ ከሆረር ፊልሞች ሁሉ አንደኛው «ዘ ኤክሶርሲስት» ነው?

ጥያቄው አንድ ነው። እስከ ዛሬ ከተሠሩ ሆረር ፊልሞች «ዘ ኤክሶርሲስት»ን የሚበልጥ አለ ወይስ የለም? የደሴዋ ተከራካሪ መምህርት ናቸው፤ የለም ይላሉ። የኮምቦልቻው ደግሞ በፍላሽ ፊልም የሚጭን ወጣት ነው፤ አለ ይላል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ፊልሞቹን ያላየ ሰው መጨረሻቸውም እዚህ እንደሚነገር ይወቅ።

ከደሴ፦

ለኔ አንደኛው «ዘ ኤክሶርሲስት» ነው። ሁለተኛው ከሱ በብዙ ይርቃል። ዊልያም ፒተር ብላቲ መጽሐፉን በ1971 አሳተመ፤ የፊልሙንም ጽሑፍ ራሱ ጻፈው። ዊልያም ፍሪድኪን ዳይሬክት አድርጎት በ1973 ወጣ። ታሪኩ የ12 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። እናቷ የታወቀች የፊልም ተዋናይ ናት። ዋሽንግተን ውስጥ፣ ጆርጅታውን በሚባል ሰፈር ይኖራሉ። ልጅቷን መንፈስ ይይዛታል፤ ቀስ በቀስ ሌላ ትሆናለች።

ሰው ስለዚህ ፊልም ሲያወራ የሚያነሳው አንገቷ መዞሩንና አረንጓዴ ማስታወኳን ነው። እኔን ያስፈራኝ እሱ አይደለም። እናቲቱ መጀመሪያ የሮጠችው ወደ ቄስ ሳይሆን ወደ ሐኪም ነው። ልጅቷን አስተኝተው አንገቷ ላይ መርፌ ይሰካሉ፤ ደሟ ፊን ይላል። ትልልቅ ማሽን እየተንኳኳ ጭንቅላቷን ራጅ ያነሳታል። ምንም የለም። ሌላ ምርመራ ይታዘዛል። አሁንም ምንም የለም። ከዚያ የአእምሮ ሐኪም ይመጣል። በመጨረሻ ሐኪሞቹ ራሳቸው ናቸው ለምን ቄስ አትሞክሪም የሚሏት። ይህን መንገድ እኛ ወሎ ውስጥ በደንብ እናውቀዋለን። ሆስፒታል ተኬደ፣ መድኃኒት ተገዛ፣ አልሆነም። ከዚያ ጸበል ነው፤ ወይ ሸኾቹ ዘንድ ዱአ ነው። የታመመ ልጅ ያለው ሰው የማይሄድበት የለም።

ደግሞ ድምፁ። ልጅቷን የተጫወተችው ሊንዳ ብሌር ናት። የመንፈሱን ድምፅ የሰጠችው ግን መርሴዲስ ማክካምብሪጅ የምትባል ሌላ ተዋናይ ናት። ጸበል ቦታ የታማሚ መንፈስ ሲለፈልፍ የሰማ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ያውቃል። የምታውቂው ፊት ነው፤ ድምፁ ግን የማታውቂው ነው። መኝታ ክፍሉንም በማቀዝቀዣ በረዶ አድርገው ነው የቀረጹት። መንፈሱን ሊያስወጡ ከመጡት ሁለት ቄሶች አፍ የሚወጣው ጭስ እውነተኛ ትንፋሽ ነው።

ፊልሙ ለ10 ኦስካር ታጨ። በምርጥ ፊልም ዘርፍ ለመታጨት የመጀመሪያው ሆረር እሱ ነው። ሁለቱን ወሰደ፤ በጽሑፍና በድምፅ።

ከኮምቦልቻ፦

እትዬ፣ ትልቅ ፊልም መሆኑን አልክድም። አንደኛ ግን አይደለም። እርስዎ ያነሱት ጸበል ራሱ የኔ ማስረጃ ነው።

ጸበል ቦታ የምትጮኸዋን ሴት ሁላችንም አይተናል። ሰው ትቷት ይሮጣል? አይሮጥም። ነጠላዋን ያስተካክሉላታል፤ ቀሚሷ ሲገለጥ ይሸፍኑላታል። «አይዞሽ እህቴ» ይሏታል። ሲለቃት ፊቷን ጠርጋ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ዛርም ቢሆን ቡና ይፈላለታል፣ ዕጣን ይጨስለታል፣ ይለመናል። ፊልሙ ሲወጣ አሜሪካ ሲኒማ ቤት ውስጥ ራሳቸውን የሳቱ ሰዎች እንደነበሩ ተዘግቧል። እነሱ የረሱት ነገር ድንገት መጣባቸው። እኛ መቼ ረሳነው?

የኔ አንደኛ «ሳይኮ» ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ፣ 1960። አንዲት ሴት ከመሥሪያ ቤቷ 40 ሺህ ዶላር ይዛ ትጠፋለች። ይመሽባታል፤ ዝናብ ይይዛታል። መንገድ ዳር ያለ ሆቴል ትገባለች። ሆቴሉን የያዘው ወጣት ጨዋ ነው። ዳቦና ወተት ያቀርብላታል፤ ቁጭ ብሎ ያጫውታታል። ከዚያ ገላዋን ልትታጠብ ትገባለች።

ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ መቀሌ የሚወጣውን መንገድ የተጓዘ ሰው ይህን ሌሊት ያውቀዋል። ይመሽብዎታል። በማያውቁት ከተማ አልጋ ይይዛሉ። ልጁ ኮሪደሩን እየመራ ይወስድዎታል፤ ቁልፍ ይሰጥዎታል። በሩን ዘግተው መቀርቀሪያውን ይሞክሩታል። ላልቷል። ወንበር ያስደግፉበታል። «ደህና ይደሩ» ብሎ የሄደው ልጅ ሌላ ቁልፍ እንዳለው ግን ያውቃሉ። ይህ ፍርሃት ክርስቲያን፣ ሙስሊም፣ የማያምን አይልም። ማንም ሰው መተኛቱ አይቀርም።

ሥራውንም ይዩት። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያለው ግድያ 45 ሰከንድ ገደማ ነው። ለመቅረጽ 7 ቀን ፈጅቷል። ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ አያስታውቅም። በርናርድ ኸርማን ሙዚቃውን የሠራው በባለ ክር መሣሪያዎች ብቻ ነው፤ ያ የሚያንጨረጭረው ጩኸት ቫዮሊን ነው። ቢላው ሲወጋት በደንብ አይታይም። አየሁ ብሎ የሚምል ግን ሞልቷል። ሂችኮክ ዋናዋን ተዋናይ የገደላት ፊልሙ ግማሽ ሳይደርስ ነው። ስለዚህ ከጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ ለሲኒማ ቤቶች ደንብ አወጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን ተመልካች አስቡት። የሚከተለው ሰው ሞቶበታል። ማንን ይዞ ይቀጥል?

ከደሴ፦

ወንድምዓለም፣ የጸበሉ ነገር እውነት ነው። ግን ለምን እንደማንፈራ አልተናገርክም። የማንፈራው ብቻችንን ስላልሆንን ነው። ሰው ታመመ ሲባል ጎረቤት ይገባል። ቡና ይፈላል፤ ለጋራ ጸሎት ወዳጃ ይቀመጣሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «ይማራት» ይላል።

ይህቺ እናት ማን አላት? ገንዘብ አላት፤ የቤት ሠራተኞች አሏት፤ ጸሐፊ አላት። ዘመድ የላትም። የልጅቷ አባት ሮም ነው ያለው። በልደቷ ቀን እንኳ አልደወለም። እናቲቱ ስልኩን ይዛ ከኦፕሬተሯ ጋር ስትጯጯህ ልጅቷ ወዲያ ሆና ትሰማለች። መንፈሱ ገና ሳይገባ ቤቱ ባዶ ነው። ወጣቱ ቄስም እንደዚያው ነው። እናቱ ኒውዮርክ ውስጥ ሰው ሳያውቅ ብቻዋን ሞታ ነው የተገኘችው። አንድ ሰው ጎረቤት ሳይሰማ ሞቶ ሲቀር እኛ አገር ምን እንደሚባል ታውቃለህ። የወሎን ሰው የሚያስፈራው ይኸ ነው። አንገቷ ባይዞርም ፊልሙ ያስፈራኝ ነበር።

«ሳይኮ» ግን መጨረሻው ላይ ይወድቃል። አንድ የአእምሮ ሐኪም ተነስቶ የሆቴሉ ልጅ ለምን እንደገደለ፣ ምን እንዳሰበ፣ ምን እንደሆነ ሁሉንም ይዘረዝራል። የተብራራ ነገር ምኑ ያስፈራል?

በመሃል አንድ ነገር ላንሳ፤ ውስጤ ያለ ነገር ነው። ሆረር በትርጉም አይታይም። አንድ ተራኪ የሁሉንም ሰው ቃል በአማርኛ ሲናገር ለድራማ ይሆናል። ሆረር ውስጥ ግን ዝምታው ነው ዋናው። ተራኪው ዝምታው ላይ ይናገርበታል። ፊልም የምትጭኑ ልጆች ይህን ለደንበኞቻችሁ ንገሩልኝ።

ከኮምቦልቻ፦

እነግራለሁ እትዬ። ያልሰማኝ ደንበኛ በማግስቱ «ምኑም አያስፈራም» ብሎ ይመጣል።

የሐኪሙ ንግግር ረዝሟል፤ እሺ። ፊልሙ ግን እዚያ አያልቅም። ከዚያ በኋላ ልጁ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። ዝንብ እጁ ላይ ታርፋለች። አያባርራትም። በጭንቅላቱ ውስጥ የምትናገረው እናቱ ናት። ቀስ ብሎ ቀና ይልና ያየናል፤ ፈገግ ይላል። ሐኪሙ ያን ሁሉ ተናግሮ ምንም እንዳልፈታ ያኔ ይገባናል።

እኔ የምለው፣ ትልቁ ሆረር የሚያሳየው ጥቂት ነው። በ1975 የወጣው «ጆውስ» ሲሠራ ስቲቨን ስፒልበርግ ያሠራው ሰው ሠራሽ ሻርክ ባሕር ውስጥ ሲገባ እየተበላሸ አስቸገረው። ስለዚህ ሻርኩን ትቶ ውሃውንና የጆን ዊልያምስን ሙዚቃ አሳየን። የደሴው ጦሳ ተራራ ሥር ያደገ ሰው ይህን አያጣውም። ጅብ የሚያስፈራው ሲታይ አይደለም፤ ድምፁ እየቀረበ ሲመጣ ነው። ጆን ካርፔንተርም «ሃሎዊን»ን በ1978 በ300 ሺህ ዶላር ገደማ ነው የሠራው። የገዳዩ ጭምብል ከሱቅ የተገዛ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ተራ ጭምብል ነው። ሙዚቃውን የሠራው ራሱ ካርፔንተር ነው። ገዳዩ አጥር ጥግ ቆሞ ከማየት በቀር ብዙውን ጊዜ ምንም አያደርግም። በቃ።

ከደሴ፦

አንተ ሰውን በአንድ በኩል፣ መንፈስን በሌላ በኩል አድርገህ ከፈልከው። ሁለቱን አንድ ያደረገ ፊልም አለ። «ሂዝ ሃውስ» ይባላል፤ በ2020 የወጣ፣ የሬሚ ዊክስ ሥራ ነው። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ባልና ሚስት ናቸው። ባሕር ሲሻገሩ አብራቸው የነበረች ልጅ ሰጠመች። እንግሊዝ ገብተው መንግሥት የተላላጠ ቤት ይሰጣቸዋል። እዚያው ኑሩ፣ ሥራ እንዳትሠሩ ይባላሉ። ማታ ማታ ከግድግዳው ውስጥ ድምፅ ይመጣል። መንፈሱ ባሕሩን አብሮ ተሻግሯል። በኋላ እንደምንሰማው ልጅቷ የነሱ አልነበረችም። አውቶብሱ ልጅ ያለውን ብቻ ሲጭን ሰውየው ከናቷ ነጥቆ ነው ይዟት የተሳፈረው።

ከወሎ ተነስቶ በጅቡቲ፣ በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ የሄደ ልጅ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ቀላል አይደለም። ደርሰው የደወሉ አሉ። ያልደወሉም አሉ። ይህን ፊልም ስናይ እንደ ፈረንጁ አይደለም የምናየው። ከ«ዘ ኤክሶርሲስት» ቀጥሎ ሁለተኛ አድርጌዋለሁ።

ከኮምቦልቻ፦

እትዬ፣ ይህንን ፊልም ስላነሱት አመሰግናለሁ። የሚደግፈው ግን እኔን ነው። መንፈሱ ከየት መጣ? ሰውየው ካደረገው። ሥሩ የሰው እጅ ነው። በ«ዘ ኤክሶርሲስት» ልጅቷ ምን አጠፋች? እናቷስ? መንፈሱ ለምን እሷን እንደያዛት ፊልሙ አይነግረንም። እርስዎ ይህን ጥንካሬ ይሉት ይሆናል፤ ለኔ ጉድለት ነው። «ሳይኮ» አንደኛ፣ «ሂዝ ሃውስ» ሁለተኛ፣ «ጆውስ» ሦስተኛ። «ዘ ኤክሶርሲስት» ከአራተኛ በላይ አይወጣም።

ከደሴ፦

ያንን ጥያቄ የሚመልስ ቅጂ አለ። በ2000 እንደገና የወጣው ላይ ሁለቱ ቄሶች ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። ወጣቱ ለምን እሷን ብሎ ይጠይቃል። ሽማግሌው ተስፋ እንድንቆርጥ ነው ብለው ይመልሳሉ። ፍሪድኪን ይህን በ1973 ቆርጦ አውጥቶት ነበር። እኔ ግን ይህ ንግግር የሌለበትን የ1973ቱን ቅጂ ነው የምወደው። ጥፋት አድርጎ መከራ ያገኘው ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። ጸበል ቦታ ልጇን ይዛ የተቀመጠች እናት ግን «ልጄ ምን አደረገች?» ብላ ብትጠይቅ መልስ የላትም። ከዚህ የባሰ ፍርሃት አላውቅም። ሆቴሉን ልቀቅ ብትባል ትለቃለህ፤ ከባሕርም ትወጣለህ። ልጅህን ግን የት ትተሃት ትሄዳለህ?

ስለዚህ ደረጃዬ አይነቃነቅም። «ዘ ኤክሶርሲስት»፣ «ሂዝ ሃውስ»፣ ከዚያ «ሳይኮ»። «ጆውስ»ን ግን ከአሥሩ ውስጥም አላስገባውም፤ በእሱ ለብቻው እንከራከር።