ከቁማሩ ራቅ ያለ ሱቅ

በእኛ ብሎክ ውሃ አራተኛ ፎቅ ለመውጣት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ወሬ ከአራተኛ ፎቅ ለመውረድ ግን አንድ ስኒ ቡና ይበቃዋል። እማማ ላስ ቬጋስ ያለች ልጃቸውን እንዲጠይቁ ቪዛ እንደተመታላቸው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሰማው በዚሁ ፍጥነት ነበር። እኔም የዕድሩ ጸሐፊ ነኝና ወዲያው ደብተር ይዤ እንድቀርብ ታዘዝሁ፤ በቃል የተነገረ ዕቃ ይረሳል፣ የተጻፈ ግን ያሳፍራል ተብሎ ስለሚታመን።

ዝርዝሩ በሰላም ተጀመረ፤ የሕፃናት ቫይታሚን፣ ሽቶ፣ የስፖርት ጫማ፣ እንዲሁም አንዲት ጎረቤት «ብቻ ከአሜሪካ ይሁን» ያሉት ዓይነቱ ያልተገለጸ ቦርሳ ተመዘገቡ። ችግር የመጣው ከምድር ቤቱ ጡረተኛ፣ ከሻለቃ ነው። «የቁማር ከተማ ዕቃ ቤቴ አይገባም!» አሉ። ላስ ቬጋስ ያለችበት የኔቫዳ ግዛት ቁማርን በሕግ ከፈቀደች ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራው እዚያ ከእርሳቸው ዕድሜ በላይ የቆየ መተዳደሪያ መሆኑን ባስረዳም አልሰሙኝም። ያ የማይደፈረው ቤታቸው በ1997 ዓ.ም. ተመዝግበው፣ ዓመታት ጠብቀው በዕጣ የደረሳቸው መሆኑን ለማንሳት ደግሞ አልደፈርሁም። ስማቸው ጋዜጣ ላይ በወጣ ዕለት ሻለቃ እንደ ሴት እልል ማለታቸውን ባለቤታቸው ዛሬም ይተርካሉ። የወር ዕቁባችን ሰብሳቢም እርሳቸው ናቸው፤ የተጠቀለለውን ወረቀት ከወተት ጣሳ የሚያወጣው እጅ የእርሳቸው ነው።

ኋላ ላይ ልባቸው ራራና 42 ቁጥር ጥቁር ጫማ አስመዘገቡ፤ «ከቁማሩ ራቅ ካለ ሱቅ ከሆነ ነው ታዲያ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ በቀይ እስክሪብቶ አስጻፉኝ።

ራቅ ያለውን ሱቅ ፍለጋ ለልጅቱ ደወልሁ። ሆቴል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ስለምትሠራ ያገኘኋት በእንቅልፏ ሰዓት ነው። «ጋሼ፣ እዚህ እንኳን ሱቁ፣ አውሮፕላን ማረፊያውም የቁማር ማሽን አለው» አለችኝ። ወተትና ዳቦ ሊገዛ ሱፐርማርኬት የገባውንም ሰው ማሽኖቹ በር ላይ ይጠብቁታል።

ስትሪፕ የሚሉት ዝነኛ ጎዳና ላይ ያሉት የገበያ አዳራሾች ደግሞ ጉዳቸው ሌላ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ፎረም ሾፕስ ከሲዛርስ ፓላስ ካሲኖ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ጣሪያው ላይ ሰማይ ከነደመናው ተስሎ መብራቱ እየተለዋወጠ ያነጋል፣ ያመሻል። ካሲኖ ውስጥ የግድግዳ ሰዓትና መስኮት ማግኘት ብርቅ ነው፤ ከዚያ ሲወጡ የሚጠብቀው ይህ ሠዓሊ ያመሸው ማታ ደግሞ ማንንም ወደ ቤቱ አያስገባም። ቬኔሺያን በተባለው ሆቴል ያለው ግራንድ ካናል ሾፕስ ጀልባ የሚቀዘፍበት ቦይ አለው፤ ቀዛፊው እየዘፈነ ሸማቹን ያንሸራሽራል። ቦዩ ያለው ሁለተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ስትነግረኝ ግን ለብሎኩ ሰው እንዳትደግመው ለመንኋት። ለጀልባ ሲባል ውሃ ፎቅ የሚወጣበት አገር መኖሩን በጄሪካን ለሚኖር ሰው ማሰማት ጸጥታ ማደፍረስ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አጽናናኝ፤ የስትሪፕ አብዛኛው ክፍል ከላስ ቬጋስ ከተማ አስተዳደር ወሰን ውጭ ነው። እኛም አዲስ አበቤ ነን እያልን፣ መርካቶ ለመሄድ «ከተማ ልወጣ ነው» የምንል ሰዎች ነን።

ልጅቱ ራሷ ስትሪፕ ላይ የምትገዛው እንግዳ ይሉኝታ ሲያስይዛት ብቻ ነው። ለእናቷ የመረጠችው ከመሀል ከተማው አጠገብ ያለውን ፕሪሚየም አውትሌት ሲሆን፣ እዚያ ቅናሽ አለ፣ ሰማዩም የእግዜር ነው። የተለጠፈው ዋጋ ላይ ሒሳብ ሲከፈል 8.375 በመቶ የሽያጭ ግብር ይጨመርበታል፤ በ15 በመቶ ቫት ያደገ ሰው ይህን እንደ ምርቃት ቢቆጥረው አይፈረድበትም።

እማማ በሦስተኛ ወራቸው ባለ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ይዘው ተመለሱ። የእኔ ዝርዝር ሲሄዱ ከበርበሬው ፌስታል ውስጥ ገብቶ ኖሮ፣ የተነበበው ግማሹ ብቻ ነው፤ በቀይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከበርበሬው ሊለይ አልቻለም። ስለዚህ የጫማውን ቁጥር በግምት፣ የባለቤቱንም ስም በግምት ገዝተዋል። ሳሎናቸው ውስጥ «የእኔ ነው፣ የእኔ ነው» በረታ። ዕርቁን ያመጡት ሻለቃ ናቸው፤ ቤታቸው ወርደው የዕቁቡን ጣሳ ይዘው መጡ።

ለእኔ 38 ቁጥር የሴት ጫማ ደረሰኝ። ለሻለቃ የሕፃናት ቫይታሚን ወጣላቸው፤ 42 ቁጥሩ ጥቁር ጫማ በቀጣዩ ወረቀት ለጎረቤታቸው ሲደርስ ዓይናቸው ቀላ።

«አንዴ ብቻ እንድገመው» አሉ ጣሳውን እየናጡ፤ «አላያችሁም እንዴ፣ ለጥቂት እኮ ነው ያመለጠኝ!»