እኔ ዲስክ እገዛለሁ

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ በቅርቡ የወጡትን የፊልምና የተከታታይ ድራማ ዲስኮች ካስተዋወቀ በኋላ፣ ሁሉም ነገር በኢንተርኔት እየታየ ዲስክ የሚገዛ ሰው መኖሩን ይጠራጠራል። እኔ እገዛለሁ።

በወር ክፍያ የምናየው ፊልም የእኛ አይደለም። የማሳያ ፈቃዱ ሲያበቃ ሊነሳ ይችላል። ተከታታይ ድራማ ላይ ሲሆን ደግሞ በጣም ያናድዳል፤ ሁለተኛውን ሲዝን ጨርሳችሁ ሦስተኛውን ስትፈልጉ የለም! መደርደሪያ ላይ ያለውን ዲስክ ግን ማንም መጥቶ አይወስደውም።

ጥራቱም ሌላ ነው። የፎር ኬ ብሉሬይ ዲስክ፣ ማለትም ከዲቪዲ በኋላ የመጣው የብሉሬይ ዲስክ ከፍተኛ ጥራት ያለው ዓይነት፣ እስከ 100 ጊጋባይት ይይዛል፤ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ ግን 4.7 ብቻ። በኢንተርኔት የሚመጣው ምስል በጣም ስለሚጨመቅ፣ ጨለም ያለ ትዕይንት ላይ ጉድለቱ ቶሎ ይታያል። ድምፁም እንደዚያው።

ጽሑፉ የክልል ኮድን ነገር ቢያነሳ ግን እንዴት ጥሩ ነበር። ዲቪዲና መደበኛው ብሉሬይ ለአንድ የዓለም ክፍል ብቻ ተቆልፈው ሊመጡ ይችላሉ። ፎር ኬዎቹ በአብዛኛው ይህ ችግር የለባቸውም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የሽፋኑን ጀርባ እዩ። ማጫወቻችሁንም አረጋግጡ፤ መደበኛ የብሉሬይ ማጫወቻ የፎር ኬ ዲስክ አያነብም።