ወተት የሲሚንቶ አቧራን ከሳንባ አያወጣም

ወንድሜ፣ «ሳይት ላይ አዲስ የገባ ልጅ ማታ ማታ ወተት ከጠጣ የሲሚንቶው አቧራ ይወርድለታል» ያልከው ልክ አይደለም። እኔም ሥራ ስጀምር የተነገረኝ ይኸው ነበር፤ አምኜ ጠጥቻለሁ። ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው። አቧራው ግን የሚገባው ሳንባ ውስጥ ነው። በተለይ ኮንክሪት ሲቆረጥ የሚነሳው ደቃቅ የሲሊካ (በአሸዋና በድንጋይ ውስጥ ያለ ማዕድን) ብናኝ ሳንባን ያቆስላል፤ ጠባሳው አይጠፋም።

ወተቱን ለምግብነቱ ጠጣው። አፍንጫ ላይ የተጠመጠመ ሻርፕም አያድንም። የሚያድነው ፊት ላይ ልክክ የሚል የአቧራ ማስክ ነው፤ ሲቆረጥም ውሃ ማፍሰስ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መከላከያውን ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። በትክክል መጠቀምና ጉድለት ስታይ ለአለቃህ መንገር ደግሞ የአንተ። የወተት ብር ሲሰጡህ ማስኩንም ጠይቅ።