8 ኦም ስፒከር አምፑን አያቃጥለውም

ወንድሜ፣ «የቤዝ አምፑ ጀርባ 4 ኦም ተጽፏል፤ ባለ 8 ኦም ስፒከር ከሰካህበት ይቃጠላል» ያልከው ተገልብጧል። ኦም ስፒከሩ የኤሌክትሪክ ፍሰትን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት ነው፤ በትራንዚስተር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ላይ 4 ኦም ማለት ከዚያ በታች አትውረድ ማለት ነው። 8 ኦም ስትሰካ እንዲያውም ይቀለዋል፤ የምታጣው ኃይል ነው። በ4 ኦም 500 ዋት የሚሰጠው ወደ 250 ወይም 300 ይወርዳል፤ በጆሮ ሲሰማ ግን ልዩነቱ 3 ዴሲቤል አካባቢ ነው፣ ድምፁ ግማሽ አይሆንም።

አደጋው ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከር አንድ ላይ ሲሰካ ነው። ብዙዎች ደምረው 8 ይላሉ (እኔም እል ነበር!)። መሰኪያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በፓራለል (ጎን ለጎን) ስለተገናኙ ግን 2 ኦም ይሆናል። ሁለት ባለ 8 ከሆኑ 4 ይመጣል፣ ምንም ችግር የለውም።

ቲዩብ አምፕ (በትራንዚስተር ፈንታ በመስታወት ቱቦ የሚሠራ) ካለህ ይህን እርሳው፤ እዚያ የኦም መምረጫው ከስፒከሩ ጋር መግጠም አለበት፣ ያለ ስፒከርም አትጫወትበት።