ድንጋዩ ከመፈለጡ በፊት አቅጣጫው ይመዝገብ

ጎጃም ውስጥ አዲስ ካባ ሲከፈት ሁሉም የሚያስበው ጠጠሩን ነው። ለመንገድ፣ ለቤት መሠረት፣ ለኮብልስቶን። ክፋት የለውም፤ የብዙ ወጣት እንጀራ ነው። እኔ የምለው፣ ድንጋዩ ክሬሸር ከመግባቱ በፊት ኮምፓስ የያዘ ሰው ይድረስበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎጃምን ደጋ የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ነው። የጮቄ ተራራ ከዚያ በኋላ፣ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተነሣ እሳተ ገሞራ ነው። ላቫው ውስጥ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን አለ። ሙቀቱ ከ580 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ የዘመኑን የምድር መግነጢስ አቅጣጫ ይይዛል። ይዞት ይቀራል።

የመግነጢሱ አቅጣጫ በምድር ወገብ አካባቢ አግድም ይተኛል፤ ወደ ዋልታ ሲጠጉ ወደ መሬት ይዘቀዝቃል። ስለዚህ ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ ከምድር ወገብ ምን ያህል ይርቅ እንደነበር ከዝቅዝቀቱ ይሰላል። የጀርመናዊው ሳይንቲስት የአልፍሬድ ቬግነር “አህጉራት ይጓዛሉ” ባይነት ለአሥርት ዓመታት ሲናቅ ኖሮ፣ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እነ ኪት ራንኮርን የተባለው እንግሊዛዊ የምድር ፊዚክስ ተመራማሪ መልሰው ያነሡት በዚህ ልኬት ነው። የእኛም ባዛልት ሲፈስ ጎጃም ከዛሬው ይልቅ ለምድር ወገብ ትቀርብ ነበር። ወደ ሰሜን ይዛት የመጣችው አፍሪካ ናት። ቀይ ባሕር ገና አልተከፈተም፤ የዚያው ዘመን ባዛልት የመን ውስጥም አለ።

“ታዲያ አንድ ድንጋይ ለክቶ መጨረስ ነው” የሚል ይኖራል። አይሆንም። ዛሬ ጎጃም ላይ ወደ ታች መዘቅዘቅ የሚችል የመግነጢስ መርፌ አግድም ሊተኛ ምንም አይቀረው፤ የመግነጢሱ ወገብ፣ ማለትም መርፌው አግድም የሚተኛበት መስመር፣ ከካርታው ወገብ ርቆ በኢትዮጵያ ያልፋልና። ዛሬ የቀዘቀዘ ላቫ ቢኖር ጎጃምን ምድር ወገብ ላይ ያስቀምጣት ነበር። መግነጢሱ በየዘመኑ ስለሚዋዥቅ በተለያየ ጊዜ የፈሰሱ ብዙ የላቫ ንብርብሮች ተለክተው አማካዩ መወሰድ አለበት። ካባ ሁሉ የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

ደግሞ መብረቅ አለ። የጎጃም ደጋ በመብረቅ አይታማም! ገደል አናት ላይ የተጋለጠ ድንጋይ ሲመታ የቀድሞ አቅጣጫው ይበላሻል። ኤክስካቫተር አሁን የከፈተው የውስጥ ግድግዳ የተሻለ ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም። አልማዝ ጫፍ ያለው ድሪል ውኃ እየተረጨለት 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ናሙና ያወጣል። ናሙናው ከግድግዳው ሳይላቀቅ ቀስት ይሰመርበታል፤ የቀስቱ አቅጣጫና ዝቅዝቀትም ተለክቶ ይመዘገባል። ኮምፓሱን ድንጋዩ ራሱ ሊያስተው ስለሚችል በፀሐይ ጥላ ይመሳከራል። ባሕር ዳር መንገድ ላይ የተነጠፈው ኮብልስቶንም መግነጢሱ አልጠፋም። ግን በየት በኩል ዞሮ እንደነበር ማን ይንገረን?

ስለዚህ የካባ ፈቃድ ላይ አንድ አንቀጽ ይግባ፦ ግድግዳው ሲከፈት የባሕር ዳር ወይም የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ናሙና ይውሰድ። ጎጃም አሁን ለመስክ ሥራ እንደማይመች አውቃለሁ። ሆኖም ክሬሸሩ በሚሠራበት ሁሉ መግባት ይቻላል፤ ሥልጠና ከተሰጣቸው የካባ ማኅበራቱ ልጆችም ቀስቱን ያሰምራሉ። ልኬቱ ዛሬ ካልተቻለ ከዓመታት በኋላ ይደረጋል። ናሙናው ላይ ቀስቱና የተለካው አቅጣጫው፣ የቦታው ስምና የንብርብሩ ቁጥር ይጻፍና መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።